አቶ ቦና እንዲፈርሙ የመጣው ወረቀት

ዳምጠው ቦና ሰው ሲያመሰግነው፣ ማን እንደተመሰገነ ለማየት ወደ ኋላው የሚዞር ሰው ነው። አላጋነንኩም። አንድ እሑድ የጪጩ አጥቢያችን መጋቢ የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ በነፃ የመታውን ወንድም በስሙ ጠርተው ሲያመሰግኑ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ዳምጠው ዞሮ የኋላውን ወንበር ተመለከተ። ቆርቆሮውን የመታው ራሱ ነበር።

እኔ ዲላ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። እሱ ከዲላ ወጣ ብሎ ጪጩ ዳር ቡናና እንሰት ያለማል። ከተዋወቅን ሃያ ሁለት ዓመት አልፎናል። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ብሎ ይገላገላል፤ የሚቀየመው ሰው ግን አላየሁም። ከሸሚዙ ኪስ እስክሪብቶ አይጠፋም። እስክሪብቶውን ያስያዙት አባቱ ናቸው።

አባቱ ቦና ጅግሶ ማንበብም መጻፍም አያውቁም ነበር። እንሰት ግን ያውቁ ነበር። አጠውልግ የሚሉት በሽታ ገብቶ የጎረቤቱ ማሳ ቅጠሉ እየተቆለመመ ሲደርቅ፣ እሳቸው በየቅዳሜው ከዘራቸውን ይዘው በእንሰቱ መካከል መዞር ጀመሩ። ዳምጠው ደብተር ይዞ ከኋላ ይከተላል።

«ጻፍ» ይሉታል። «ከመንገዱ ሦስተኛዋ ታማለች። ባለፈው ሳምንት በዚህ ያለፉት ሰዎች ቢላዋ ይዘው ነበር። ጻፍ። ከጓሮ ያሉት ደህና ናቸው። በጓሮ ሰው አያልፍም። ጻፍ።»

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሄዱ። ሽማግሌው ካረፉ አሁን ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዳምጠው ግን ቅዳሜውን አልተወም። እያንዳንዱን ገጽ ሲጀምር ከላይ «አባቴ እንዳለው» ብሎ ይጽፋል። አባቱ ከሞቱ በኋላ ያየውን ነገር እንኳ ሲጽፍ እንዲያው ነው የሚጀምረው። ደብተሮቹ ሠላሳ አንድ ደርሰዋል። በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ከቤቱ ቆጥ ላይ ይቀመጣሉ።

የእነዚህን ደብተሮች ዋጋ መጀመሪያ የተረዳችው ሩሃማ ናት። ሩሃማ ከሌላ አካባቢ መጥታ በአንድ የእርሻ ጥናት ማዕከል የምትሠራ ወጣት ተመራማሪ ናት። የማዕከሉን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። የመጣችው እንደ ሁሉም ሰው መጠይቅ ይዛ ነበር። ስንት እንሰት ሞተብዎት፣ መቼ ሞተብዎት ስትለው ዳምጠው ጥቂት አሰበና፣

«ልጄ፣ አንተ የምትጠይቀው የዘንድሮን ነው ወይስ የሁሉንም ዓመት?» አላት።

«ጋሼ፣ የሁሉንም ዓመት የሚያስታውስ ሰው አለ እንዴ?»

ዳምጠው መሰላል አቁሞ ከረጢቱን አወረደ። ሩሃማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አነበበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አራት ወር ሙሉ ጪጩ ተመላለሰች። ደብተሩን ትገለብጣለች፤ ማሳ ውስጥ ገብታ ትቆጥራለች፤ ደብተሩና ማሳው ያልተስማሙበትን ትጠይቃለች። የዳምጠው ሚስት ገበያነሽ፣

«ይቺ ልጅ ካንተ እንሰት ጋር ልትታጭ ነው። ሽማግሌ ሳትልክ በፊት ወስን» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ጥናቱ አልቆ ወደ አንድ የውጭ አገር ጆርናል የሚላክበት ጊዜ ደረሰ። ሩሃማ ስልክ ደወለች። «ጋሽ ዳምጠው፣ ስምዎን ከጸሐፊዎቹ ጋር ላስገባው ነው። በዚህ ሥራ የደከመ ሌላ የቤተሰብ ሰው ካለ ሙሉ ስሙን አብረው ይላኩልኝ» አለችው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ እዚህ ጋ ነው። በእኛ አካባቢ ሶንጎ የሚባል ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ቦታ አለ። እዚያ ስለ መሬት የሚናገር ሰው መጀመሪያ ከማን እንደሰማ ስም ይጠራል። የነገረውን ሰው ያስቀድማል፤ የራሱን ስም መጨረሻ ላይ ይጠራል ወይም ጭራሽ ይተወዋል። የነገረው ሰው ይሙት ይኑር ማንም አይጠይቅም፤ ቃሉ እዚያው አለና። ዳምጠውም ያለ ምንም ክፋት በልጁ ስልክ እንዲህ ብሎ አስላከ፦ «ቦና ጅግሶ። ከእሱ በኋላ ዳምጠው ቦና።»

ሩሃማ፣ ደብተሩ ሁሉ «አባቴ እንዳለው» ስለሚል፣ ሽማግሌው በሕይወት ያሉ፣ ከቤት የማይወጡ መሰሏት። አስገባቻቸው። ጽሑፉ ተላከ፤ ብዙ ወር ቆይቶም ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ ጆርናሉ እያንዳንዱ ጸሐፊ የሚፈርመው ፎርም ላከ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ስልኬ ጮኸ። ዳምጠው ነበር።

«ወንድሜ፣ እንግሊዝኛ ወረቀት መጥቷል። አንተ ታነባለህ። ቶሎ ና።»

እንግሊዝኛዬ ከመዝገበ ቃላትና ከሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ የለቃቀምኩት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ላለኝ ጉዳይ ይበቃኛል። በባጃጅ ጪጩ ስደርስ ሩሃማ ደጃፍ ላይ ፎርሞቹን ይዛ ቆማለች። ዳምጠው የራሱን በጥንቃቄ ፈርሟል።

«ጥሩ» አለች። «አሁን አባትዎ ጋሽ ቦና ይፈርሙልኝ። የት ናቸው?»

«እዚሁ ነው። ና ላሳይህ» አላት።

ከቤቱ ጀርባ በቡናው መካከል ይዞን ሄደ። እኔ የት እንደሚሄድ ስለገባኝ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ እሷ ግን ፎርሙንና እስክሪብቶውን አዘጋጅታ ትከተለዋለች። ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን የቆሙበት ቦታ ላይ ዳምጠው ቆመ። ዛፎቹ በቀብሩ ቀን ራስጌና ግርጌ የተተከሉ እርጥብ ችካሎች ነበሩ፤ ጸድቀው ነው።

«አባቴ ይሄ ነው» አለ።

ሩሃማ ዛፉን አየች፣ መሬቱን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«ሞተዋል?»

«ሰባት ዓመቱ።»

«ጋሼ! የሞተ ሰው ስም ነው የላኩልኝ?»

«አንተ እኮ የደከመ ሰው አልከኝ» አላት፤ ግራ ገብቶት። «በሕይወት ያለ አላልከኝም። ከአባቴ በላይ ማን ደከመ?»

ሩሃማ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ልትስቅ ነው ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ሁለቱንም ጀምራ ተወችው። ፎርሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሟልቶ ካልተመለሰ ጽሑፉ እንደሚቀር ነገረችን። ከዚያ «በቃ፣ ስማቸውን ማውጣት ነው ያለብኝ መሰለኝ» አለች።

ዳምጠውን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያ ሆኖ አላየሁትም። አልተቆጣም። ዛፉን በእጁ ይዞ በቀስታ ተናገረ። የአባቱ ስም ተጽፎ የነበረው በአንድ የግብር ደረሰኝ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም አይጥ በላው። መቃብራቸው ላይ ጽሑፍ የለም። ፎቶ የላቸውም። «ያየው ሁሉ እዚያ ወረቀት ውስጥ ገብቷል ትለኛለህ» አላት። «ያየው ነገር ገብቶ እሱ ውጭ ሊቀር ነው? ይሄ እንዴት ይሆናል?»



በማግስቱ ሦስታችን ዲላ ወዳለው ቢሮ ሄድን። የሩሃማ አለቃ ዶክተር መልከጼዴቅ ይባላሉ፤ ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ጠረጴዛቸው ላይ እስክሪብቶ እንኳ ጠማማ ሆኖ የማይተኛ ሰው ናቸው። ወንበር አስመጡልን፤ ለስላሳ አስመጡልን። ነገሩን ሰምተው በደግነት ፈገግ አሉ።

«አቶ ዳምጠው፣ ይህ ቀላል ነው። በአባትዎ ቦታ እርስዎ አሻራ ያድርጉ። ባሕር ማዶ ተቀምጦ የእርስዎን አውራ ጣት ከአባትዎ አውራ ጣት የሚለይ ማን አለ?»

ዳምጠው አውራ ጣቱን አንስቶ ተመለከተው። «ይሄ ጣት በሕይወት አለ፣ ዶክተር። የአባቴ የለም። የሌለውን አለ ማለት የሐሰት ምስክርነት ነው። አባቴ ይሄን ቢሰማ በከዘራው ነበር የሚለኝ።»

«እንግዲያው ስማቸውን ከጸሐፊዎቹ አውጥተን ምስጋና ላይ እናድርጋቸው።»

«ምስጋና ምንድን ነው?»

«ከጽሑፉ መጨረሻ የሚመሰገኑ ሰዎች የሚጠሩበት ቦታ አለ።»

ዳምጠው ከወንበሩ ተነሣ። በጸሎት ቤታችን ምስጋና ሲባል ሰው ቁጭ አይልም። «አይ! አይ፣ ዶክተር፣ ይሄስ በዛ። አባቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሰው ነው። ለምስጋና አይደርስም። ዝቅ ያለው ቦታ፣ ስማችሁ የተደረደረበት፣ እዚያ ይበቃዋል።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት ዳምጠው ቀደመኝ።

«ምስጋናው ላይ ትልቅ ሰው ይግባ። እርስዎ ይግቡ። ከሁላችን ትልቅ እርስዎ ነዎት።»

ሩሃማን የለስላሳው ጋዝ ትን አላት።

«እኔ?» አሉ ዶክተሩ። «እኔ ምስጋና ላይ? አቶ ዳምጠው፣ ምስጋና ማለት እኮ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ዝቅ ያለ ቦታ ነው ሊሉ ነበር፤ ግን ከአንድ ደቂቃ በፊት ለሟቹ የሰጡት ያንኑ ቦታ ነው። አፋቸው ላይ ሲቆም አየሁት። ዳምጠው በአክብሮት እንደቆመ የቀረውን ቃል ይጠብቃል።

ሩሃማ ከጉሮሮዋ ጋር ታግላ ስታበቃ ፎርሙን አነሣች። ሌላም ክፍል አለው አለች፤ እያንዳንዱ ሰው ምን እንደሠራ የሚጻፍበት። ጮክ ብላ እየጻፈች ሄደች። ቦና ጅግሶ፦ ምልከታውን የጀመሩ፣ በሽታው የሰው መተላለፊያን እንደሚከተል መጀመሪያ የጠረጠሩ። ዳምጠው ቦና፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመዘገበ። ሩሃማ፦ የቆጠረች፣ ያመሳከረች፣ የጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ተክለማርያም» አለች።

«ማን ነው?» አለ ዳምጠው። «ጪጩ መጥቶ ያውቃል?»

«ሌላ ከተማ ያለ የሥራ ባልደረባችን ነው» አሉ ዶክተሩ። «እሱ በሚጽፈው ላይ የእኔን ስም ያስገባል፣ እኛ በምንጽፈው የእሱን። መረዳዳት ነው።»

የዳምጠው ፊት በራ። «ገባኝ! ደቦ ነው። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን።»

«አዎን!» አሉ ዶክተሩ፤ እሳቸውም ቀለል አላቸው። «ልክ እንደ ደቦ።»

ዳምጠው ትንሽ አሰበ። «ግን በደቦ ሰውየው ይመጣል፣ ዶክተር። መቆፈሪያውን ይዞ ይመጣል። ስሙን ብቻ የላከ ሰው አላየሁም።»

ሊነካቸው ብሎ እንዳልተናገረ እምላለሁ። ደቦውን ለመረዳት ነበር የሚታገለው። ዶክተሩ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

ሩሃማ ቀጣዩን ስም በጣም ዝቅ አድርጋ አነበበች። የራሳቸው ነበር። የምትጽፈው የጠፋት መስሎት ዳምጠው ሊያግዛት ሞከረ።

«ዶክተር መኪናውን ልኮልናል፤ ጻፍ። ደግሞ አንድ ቀን ራሱ መጥቷል። ዝናብ ስለነበረ አልወረደም እንጂ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አውለብልቦልኛል። እሱንም ጻፍ።»

እስክሪብቶው አልተንቀሳቀሰም። እኔ ጠርሙሴን እያየሁ በልቤ ጸለይኩ፤ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ግን አላውቅም።

ዶክተር መልከጼዴቅ ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። በወጣትነታቸው የጻፉት የመጀመሪያ ጥናት ሲታተም የአለቃቸው ስም አንደኛ እንደነበር፣ የእሳቸው ጭራሽ እንዳልነበረ ነገሩን። በሁለተኛው አራተኛ ሆኑ። በሦስተኛው ሁለተኛ። «አለቃ ስሆን ደግሞ ሥርዓቱ እንዲህ ነው አልኩ። ሌላ ሥርዓት ያሳየኝ ሰው አልነበረም» አሉ። ቢሮው ውስጥ ስገባ ልናደድባቸው የተዘጋጀሁ ሰው ነበርኩ። አሁን በማን እንደምናደድ ጠፋኝ።

ዳምጠው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር ያሳሰበው። «ቅዳሜ ይምጡ» አላቸው። «እኔ ለአባቴ መፈረም እንደማልችል ሁሉ፣ እርስዎም ያላዩትን መፈረም የለብዎትም። ነፍስዎ እንዳትጎዳብኝ። መጥተው ማሳውን ይዩት፤ ከዚያ በሰላም ይፈርማሉ።»

ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። መጡ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋ ደጃፍ ቆመች፤ ዶክተሩ በሚያበራ ጥቁር ጫማ ወረዱ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ገበያነሽ አይታቸው ከቤት የላስቲክ ቦቲ ይዛ ወጣች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር። እንሰቱ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ቦቲ ግን ይጠይቃል።»

ቦቲው አንድ ቁጥር ይጠብባቸው ነበር። እያነከሱ ገቡ። ዳምጠው ከፊት፣ ዶክተሩ ከእሱ ቀጥሎ፣ ሩሃማና እኔ ከኋላ ሆነን በእያንዳንዱ ረድፍ አለፍን። ዳምጠው እንሰቶቹን እንደ ቤተሰብ ነው የሚያስተዋውቀው፤ ይቺ በየትኛው ዓመት ታመመች፣ ያቺ ማን ሲያልፍ ተረፈች። ዶክተሩ መጀመሪያ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ጥቂት ቆይተው ማየቱን ተዉት። ወደ መጨረሻው ረድፍ ስንደርስ አንዲት ባዶ ጉድጓድ አጠገብ ቁጢጥ አሉና አፈሩን በጣታቸው አሹት።

«አባትዎ የታመመችውን ከነቀሉ በኋላ ጉድጓዱን ሳይተክሉበት ስንት ጊዜ ያስቆዩት ነበር?»

ዳምጠው ክው አለ። ሩሃማም። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዳምጠው እየሮጠ ወደ ቤት ገብቶ ሁለት ደብተር ይዞ ተመለሰ፤ ገጹን ለማግኘት ቶሎ ቶሎ ገለበጠ። «አለ! አባቴ ተናግሮታል! እኔ ጽፌዋለሁ፤ ግን ለምን እንደተናገረው አላወቅኩም ነበር።» ዶክተሩና እሱ ደብተሩ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ተነጋገሩ። ሩሃማ ቆማ ታያቸዋለች። «ይህን ሰው አላውቀውም ነበር» አለችኝ በጆሮዬ።

ሲጨርሱ ሁለቱ ዛፎች ጋ ደረስን። ሩሃማ ፎርሙን አቀረበችላቸው። ዳምጠው ደስ ብሎታል፤ «አሁን አይተዋል፣ ይፈርሙ» አላቸው። እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ የሰጣቸው ራሱ ነው።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ይዘው ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ዛሬ ነው ያየሁት» አሉ በመጨረሻ። «ጽሑፉ ያለቀው ከዛሬ በፊት ነው። ዛሬ ያየሁትን ያኔ አይቼዋለሁ ብዬ አልፈርምም።» እስክሪብቶውን መለሱለት። «ሩሃማ፣ እኔን ምስጋናው ላይ አድርጊኝ። ለተክለማርያም እኔ እደውልለታለሁ፤ ይቀየመኛል፣ ምን ይደረግ። ለጆርናሉ ደግሞ እውነቱን ጻፊ። አቶ ቦና ሞተዋል በይ። ሥራው ግን የእሳቸው ነው በይ። ሥርዓቱ ምን እንደሚል እነሱ ይንገሩን፤ እስኪነግሩን ቀኑን ያራዝሙልን።»

«አይቀበሉን ይሆናል» አለች ሩሃማ።

«ይሆናል።»

መልሱ አምስት ሳምንት ፈጀ። ዳምጠው በየረቡዑ ይጾም ነበር። ምን ብለህ ነው የምትጸልየው ስለው «ስሙ ይግባ ብዬ አልጸልይም፤ ለአባቴ ማዳላት ይሆናል። የሚገባው ይሁን ብዬ ነው የምጸልየው» አለኝ። እኔ ግን ይግባ ብዬ ነበር የጸለይኩት። እንደሱ ጠንቃቃ አይደለሁም።

መልሱ በመጣ ቀን ሩሃማ አትማ ወደ ሱቄ ይዛው መጣች። ደብዳቤው አጭር ነበር። ሥራው የራሱ ከሆነ የሞተ ሰውም ከጸሐፊዎቹ መቆጠር ይችላል፤ ከስሙ አጠገብ ማረፉን የሚያሳይ ትንሽ ምልክት ይደረግበታል፤ ልጁም በሟቹ ስም ሳይሆን በራሱ ስም፣ ሥራው የአባቱ ለመሆኑ ምስክር ሆኖ ይፈርማል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ መዝገበ ቃላት አውጥቼ ቃል በቃል አየሁት፤ ተሳስቼ ዳምጠውን በከንቱ እንዳላስደስተው ፈርቼ ነበር። አልተሳሳትኩም። መቀሱን አስቀምጬ ጌታን አመሰገንኩ።

ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ ዳምጠው ሶንጎ ላይ እንድናነበው ፈለገ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። የተጻፈው በባዕድ ፊደል ስለሆነ ጣቴን ከስሞቹ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ። «ሩሃማ።» ከኋላ አንዱ «ሴት ናት?» አለ፤ ሌላው «ዝም በል፣ የጻፈችው እሷ ናት» አለው። «ዳምጠው ቦና።» ቀጥዬ «ቦና ጅግሶ» ስል በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

«የእኛ ቦና?»

«አዎን፣ አባባ» አልኳቸው።

«ድገመው።»

ደገምኩት። ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ጠይቀውኝ ማረፋቸውን የምትናገር መሆኗን ነገርኳቸው። «ፈረንጆቹም ተረድተዋል ማለት ነው» አሉ፤ ለቅሶ ያልደረሰ ዘመድ ዘግይቶ እንደመጣ ቆጥረውት።

«ዶክተሩስ የት አለ?» አለ ሌላው።

«ምስጋና ላይ ነው» አለ ዳምጠው በኩራት። ሽማግሌዎቹ በአድናቆት ተያዩ። እኔ ወረቀቱን አጠፍኩ።

በሳምንቱ ዳምጠው አንድ ዕቃ ሙሉ ነጭ ቡላ በቅጠል ጠቅልሎ፣ ዶክተሩን እንኳን ደስ አለዎት ሊል ዲላ ወረደ። ሲመለስ በሱቄ በኩል አለፈ። ስፌት ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ወለሉ ላይ የወደቀ ክር ይለቃቅም ጀመር።

«ተቀበሉህ?» አልኩት።

«ተቀበለኝ። ለምስጋናው ነው ያመጣሁት ስለው፣ ‹ትቀልድብኛለህ?› አለኝ። አይ፣ ደስ ብሎኝ ነው አልኩት። ከዚያ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ቡላውን በሁለት እጁ ተቀብሎ በር ድረስ ሸኘኝ።» ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሜ፣ አልገባኝም። እንዲህ ያለ ክብር አግኝቶ ሰው ለምን ያፍራል?»

ላስረዳው ነበር። የትኛው ቦታ ከፍ እንደሚልና የትኛው ዝቅ እንደሚል በደንብ ተምሬ ጨርሻለሁ ብዬ አስብ ነበር። ነገር ግን ማሳው ውስጥ በጠባብ ቦቲ እያነከሱ የሄዱት፣ እስክሪብቶውን የመለሱት ሰው ትዝ አሉኝና፣ ከፍና ዝቁ እኔንም ተደባለቀብኝ።

«እኔም አልገባኝም» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

አብሬው ጪጩ ሄድኩ። ገበያነሽ፣ አይጥ ደረሰኙን እንደበላው ይህንንም እንዳይበላው ብላ ክዳን ያለው የብስኩት ቆርቆሮ አጥባ አድርቃ አዘጋጅታ ነበር። ዳምጠው ወረቀቱን አውጥቶ በጉልበቱ ላይ አስተካከለው። ወደ ቆርቆሮው ከማስገባቱ በፊት እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና፣ ከባዕዱ ፊደል በላይ ባለችው ባዶ ቦታ ላይ በቀስታ «አባቴ እንዳለው» ብሎ ጻፈበት።